የማያረጀው ዓሣ

አንዲት ሀብታም ሴት ሆቴላቸውን ሲከፍቱ አንድ ወርቃማ ዓሣ ገዝተው እንግዳ መቀበያው ላይ በመስታወት ገንዳ አኖሩ። “ይህ ዓሣ ዕድሌ ነው” ይሉ ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዓሣው እንደ ብርቱካን ልጣጭ ደምቆ ኖረ።

ኋላ መኩሪያ የሚባል ዓሣ ጠባቂ ተቀጠረ። ሦስት ልጆቹን የሚያሳድገው በዚሁ ሥራ ነበር። ሰባት ዓመት በታማኝነት ሠራ። በስምንተኛው ዓመት ዓሣው ነጣ፤ ወገቡ ጎበጠ፤ ከገንዳው ወለል ላይ መተኛት አበዛ።

“ምን አበላህብኝ?” አሉ ሴትዮዋ።

“አርጅቶ ነው፣ እትዬ።”

“ሠላሳ ዓመት ያላረጀ ዓሣ አንተ ጋ ሲደርስ አረጀ? እስከ ቅዳሜ ካልዳነ ሥራ የለህም!”

መኩሪያ ውኃ ለወጠ፣ ምግብ ለወጠ፣ መብራት ለወጠ። ምንም የለም። በመጨረሻ ከእሱ በፊት ጠባቂ ወደነበሩት ወደ ጋሽ ዳምጤ ሄደ። ሽማግሌው ሳቁበት።

“አንተ ሞኝ! እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ ቀይሬዋለሁ። ከእኔ በፊት የነበረውም ቀይሯል። ጎረምሳ ዓሣ ገዝተህ ጨምር፣ ሽማግሌውን አውጣ፣ አለቀ!”

መኩሪያ በንዴት ጦፈ። እርጅና ምን ነውር አለውና ይደበቃል? ደግሞም ዓሣው ዝግ ብሎም ቢሆን ዛሬም ወደ እጁ ይመጣል። ቅዳሜ በሠራተኞቹ ፊት ለሴትዮዋ እውነቱን ተናገረ።

“እትዬ፣ የመጀመሪያው ዓሣዎ ከሞተ ቆይቷል። ሲቀያየር ነው የኖረው።”

“ሰማችሁ? የእኔን ዓሣ አሳምሞ ጭራሽ ሞቷል ይለኛል! ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ደህና አደርክ የምለው ማንን ነው? በል፣ በሽተኛህን ይዘህ ውጣልኝ!”

መኩሪያ ዓሣውን በባልዲ ይዞ ወጣ። በሳምንቱ የቀረ ልብሱን ሊወስድ ሲመለስ ሴትዮዋ ከሩቅ ጠሩት።

“ና እይ! አዲሱ ጠባቂ ዓሣዬን ከአንተ ቤት አስመልሶ በሦስት ቀን አዳነው። ሙያ ማለት ይህ ነው!”

በገንዳው ውስጥ አንድ ጎረምሳ ዓሣ ይፈነጫል። አዲሱ ጠባቂ መሬት መሬት ያያል። መኩሪያ ልብሱን ይዞ፣ ሽማግሌው ዓሣ በባልዲ ወደሚጠብቀው ቤቱ ሄደ።

በሴትዮዋ ላይ ብቻ አንፍረድ። በፍርሃት የተሸፈነ ውሸት ሲከማች እውነት የሚናገረው ሰው ጥፋተኛ ይመስላል። ያረጀ ሁሉ አልታመመም፤ ዕድሜውን ኖሮ ነው። እኛስ እርጅናን የሚደብቅልንን ባለሙያ እያልን፣ እውነቱን የሚነግረንን ስንቱን ከቤታችን አባረርን?