ከተማውን ላሳየ ሻሼ ከነኮርቻዋ

በአንድ ወቅት፣ ያውም ባቡሩ በአዲስ አበባ መሀል ለመሀል መመላለስ ከጀመረ ወዲህ፣ ወይራ አፋፍ በምትባል አገር ትርንጎ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ልጅ አልወለደችም። ባሏ ትቶላት የሄደው አንዲት በቅሎ ነው፤ ሻሼ ትባላለች። ሻሼን ዝም ብላችሁ በቅሎ አትበሏት! ስትራመድ ውሃ የሞላ ብርጭቆ ጀርባዋ ላይ ቢያስቀምጡ ጠብ አይልም። የዚያ አገር ሰው ግማሹ ከሻሼ ያነሰ አስተዋይ ነው፤ ሌላውን ግማሽ ተዉት፣ ስሙም አይነሳ።

ትርንጎን አንድ ነገር ይቆጠቁጣት ነበር። የማርያም ማኅበር አላት፤ አሥራ ሁለት ሴቶች በየወሩ በሃያ አንድ በተራ ይደግሳሉ። በዚያ ማኅበር አዲስ አበባን ያየ ያወራል፣ ያላየ ጠላ ይቀዳል። ካዩት ሁሉ አፏ የማይከደነው ደግሞ ፋንቱ ናት። ፋንቱ ለዓይኗ ሕክምና ሄዳ አሥር ቀን ሰንብታለች፤ አሥር ቀን በቃ! ሰባት ዓመት ሙሉ ግን «እኔ አዲስ አበባ በነበርኩ ጊዜ» ሳትል አንዲት ጉርሻ አትውጥም።

በሚያዝያ ማርያም ትርንጎ ስለ ዘንድሮው ዝናብ አንድ ነገር ልትናገር አፏን ከፈተች።

«አንቺ ደግሞ ምን አይተሽ ታወሪያለሽ!» አለቻት ፋንቱ። «ይልቅ ጠላው ጎድሏል።»

ሴቶቹ ሳቁ። ከሳቁት ውስጥ ሦስቱ ራሳቸው ከወረዳው ከተማ አልፈው አያውቁም፤ እነሱ ናቸው እንዲያውም አብዝተው የሳቁት።

ትርንጎ የያዘችውን ማንቆርቆሪያ መሬት ላይ አስቀመጠች። «የግንቦት ማርያም ተራው የኔ ነው» አለች። «አዲስ አበባን አይቼ መጥቼ እዚሁ ፊታችሁ አወራለሁ። ከተማውን ላሳየኝ ሰው ሻሼን ከነኮርቻዋ እሰጣለሁ። ማርያም ምስክሬ ናት!»

«ሳታዪ ከመጣሽስ?» አለች ፋንቱ።

«እስክሞት ድረስ ላንቺ ጠላ ቀጂ ልሁን።»

ወሬው ሳያድር ለሟች ወንድሟ ሦስት ልጆች ደረሰ። ትርንጎ ባለፈው ክረምት ወገቧን ታማ ስትተኛ ጎራ ብለው «እንዴት አደሩ» ያላሏት ጎረምሶች፣ ሻሼ ስትባል ጊዜ ከያሉበት ከተፍ አሉ! አንደኛው ገና ሳይቀመጥ በረት ሄዶ የበቅሎዋን ጥርስ አይቶ መጣ።

ታላቁ አያልነህ ነው። ፍርድ ቤቱ በር ላይ ጃንጥላ ዘርግቶ ማመልከቻ የሚጽፍ። አዲስ አበባን በዓይኑ አይቷት አያውቅም፤ በሬዲዮ፣ በጋዜጣና ባለጉዳይ በሚያወራለት ወሬ ግን ከነሰፈሯ አበጥሮ ያውቃታል፤ እንዲያውም ሄዶ ያየን ሰው ያርማል። ሦስት ቀን ቤቱን ዘግቶ ጻፈና አራት ገጽ ይዞ መጣ። ከላይ «ጉዳዩ፦ አክስቴ አዲስ አበባን ስለማየታቸው» ይላል። ከዚያ በተራ ቁጥር፦ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ሦስት ተኩል አንበሳ ማየት፤ ከሦስት ተኩል እስከ አራት ሰዓት መርካቶን ማዳረስ፤ ከአራት ሰዓት እስከ አራት ሰዓት ከአምስት ደቂቃ ውሃ ሽንት። የመጨረሻው ገጽ ላይ ከተማዋን ሥሏታል፤ ተራራው ከላይ፣ ባቡሩ በቀይ እስክሪብቶ፣ አብያተ ክርስቲያናቱ በመስቀል፣ ፎቆቹ ቁመታቸው ተለክቶ። ታች ማኅተም መታበት። የምን ማኅተም እንደሆነ እንጃለት።

«መርካቶን በግማሽ ሰዓት?» አለ ታናሽየው።

«በፕሮግራም ለሚሄድ ሰው ይበቃል» አለ አያልነህ።

መካከለኛው ጓንጉል ነው፤ የአይሱዙ ሹፌር። አንገቱ ላይ ፎጣ፣ ጥርሱ መሀል ጫት፣ አፉ ውስጥ ስድብ። «ወረቀት ይነዳል እንዴ?» አለ። «እትዬ፣ ዝም ብለው ጋቢና ይግቡ። እኔ ነኝ የማደርስዎ፣ እኔ ነኝ የማዞርዎ። ሰው ከተማ የሚያየው በጎማ ነው።»

ታናሹ ውቤ ነው። አሥር ዓመት አዲስ አበባ የኖረ ልብስ ሰፊ። አሥር ዓመት አንድ ሰፈር፣ አንድ የስፌት መኪና ላይ ተደፍቶ ሲሰፋ የኖረ ሰው ስለ ከተማው ሲያወራ የቆረቆረው ይመስላል። «ሽርሽር ኋላ ይደርሳል» አለ። «ከሄዱ አይቀር እትዬ፣ ያልደረሱበት ለቅሶ አለ። የአጎታችን የነማዘንጊያ፣ የባልቻ ሚስት፣ የእትዬ አልጋነሽ ባል... ቆጥሬዋለሁ፣ ሰባት ነው። እዚያ ድረስ ሄዶ የዘመድ ቤት ሳይረግጡ አንበሳ ማየት! ሰው ምን ይላል?»

ትርንጎ ሦስቱንም አየቻቸው። «አንዳቸውም አንድ ሙሉ ሰው አይወጣቸውም» አለች በልቧ። ግን ሌላ ሰው የላትም። የአያልነህን ወረቀት አጥፋ በጉያዋ ከተተች፣ የጓንጉል ጋቢና ወጣች፣ ማረፊያዋም ውቤ ቤት እንዲሆን ተባለ። ጠላውን ጠምቃ፣ የዳቦውን ነገር ለጎረቤቷ አደራ ብላ፣ በግንቦት አሥራ ሰባት ተነሳች።

መንገድ ላይ ጎርፍ መንገዱን ቆርጦት አገኙት። አውቶቡሶቹ ሁሉ ሊመለሱ ፊታቸውን አዙረዋል። ጓንጉል ፎጣውን ጭንቅላቱ ላይ ጠመጠመ፣ ወንዙን ሰደበ፣ ወንዙን የፈጠረውን ሊሰድብ ሲል ትርንጎ አፉን በእጇ ያዘችው፤ ከዚያ ያንን አይሱዙ ከጫነው ሽንኩርት ጋር ውሃው ውስጥ ጨመረው። ውሃው መስኮት ሲደርስ የአውቶቡሶቹ ተሳፋሪዎች ከኋላ ጮሁ። ተሻገረ! ያን ቀን ከዚያ አገር አዲስ አበባ የገባ መኪና የሱ ብቻ ነው። ባለጌ ነው፣ ግን ተሻገረ።

በማግስቱ የጓደኛውን ሚኒባስ ተውሶ ትርንጎን ፊት ወንበር ላይ አስቀመጣት። ከጠዋት እስከ ምሳ ከተማዋን እንደ እንዝርት እየሾረ አዞራት። «ይኸው ፒያሳ! ይኸው አራት ኪሎ! ይኸው ባቡሩ! ይኸ ደግሞ ስታዲየም ነው እትዬ፣ ይዩት፣ ይዩት፣ አለፈ!» በግራ ይቀድማል፣ በቀኝ ይቀድማል፣ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «ላም ንዳ!» እያለ ሰው ይሰድባል። አንዲት ጥግ፣ አንዲት በር ያልጠራት የለም። በመጨረሻ አንድ ነዳጅ ማደያ ቆመ።

«አዩ እትዬ? ያልታየ የለም!»

ትርንጎ ፊቷን የሸፈነችበትን ነጠላ ቀስ ብላ ገለጠች። ገና ከተነሱበት ከሳሪስ ሰፈር ጀምሮ ዓይኗን አልከፈተችም። «የማርያም ያለህ!» አለች። «እኔ ያየሁት የነጠላዬን ጥለት ነው።»

ሁለት ቀን ሄደ። ያየችው አንድ ነዳጅ ማደያ ነው። ፋንቱ በጆሮዋ «ጠላው ጎድሏል» ስትል ተሰማት።

በሦስተኛው ቀን ውቤ ተረከባት። ገና በጠዋቱ ጥቁር ነጠላ አልብሶ ይዟት ወጣ። አንድ ቤት ይገባሉ፣ «ወይኔ ወንድሜን!» ይላሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ንፍሮ ይቀርባል፣ «እግዜር ያጥናችሁ» ብለው ይነሳሉ። ሌላ ቤት ይገባሉ፣ «ወይኔ እህቴን!»። መንገድ ላይ ቀና ብላ አንድ ነገር ልታይ ስትል፣ «ይፍጠኑ እትዬ፣ ባልቻ ሥራ ይሄዳል» ይላታል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስድስት ለቅሶ ደረሱ። አዲስ አበባ ለትርንጎ ስድስት ሳሎን፣ ስድስት ሶፋ፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀሉ ስድስት ቴሌቪዥን ሆነች። እንባዋ የእውነት ነበር፤ ለሟቾቹ ነው ያለ ግን ተሳስቷል።

«አንድ ቀረን» አለ ውቤ። «እትዬ አልጋነሽ። ስምንተኛ ፎቅ።»

መብራት ጠፍቶ ሊፍቱ ቆሟል። በእግር ወጡ። ውቤ እየቆጠረ ይመራል። አሥር ዓመት ከተማ የኖረ ሰው ምድር ቤቱን አንደኛ ፎቅ ይበል ወይስ አይበል አላወቀም፤ መሀል ላይ ተምታታበትና እንደገና ቆጠረ፣ እንደገናም ተሳሳተ። አንድ በር ፊት ቆሞ «ይኸ ነው፣ ይጀምሩ» አላት።

ትርንጎ ትንፋሿን ሰብስባ ጀመረችዋ! «ወይኔ ጋሻዬን! ወይኔ አለኝታዬን! ሳልደርስልህ!» ደረቷን እየደቃች በሩን ገፋችው። ቢጃማ የለበሰች ወጣት ሴት ብቅ አለች። ልጅቷም የአገር ልጅ ናት፤ በአገሩ ለቅሶ ሲያዩ መጀመሪያ ያለቅሳሉ እንጂ አይጠይቁም። እሷም በትርንጎ አንገት ላይ ተጠምጥማ «ውይ! ውይ! ውይ!» አለች። የጎረቤት በር ተከፈተ፣ አንድ አሮጊት ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ መጥተው ገቡበት። ኮሪደሩ ሙሉ ተለቀሰ።

ትንሽ ቆይቶ ልጅቷ አፍንጫዋን ጠረገችና፣ «ለመሆኑ እማማ፣ ማን ነው የሞተው?» አለች።

«ባልሽ ነዋ ልጄ!»

«ባሌ? ባሌማ ተኝቷል!»

ሟቹ በካልሲው ሆዱን እያከከ ከመኝታ ቤት ወጣ።

የልጅቷ ስም ፌቨን ይባላል። እስኪያማት ሳቀች። ትርንጎ የምትገባበት ጉድጓድ ጠፋት። ውቤ? ውቤማ የሟቹን ካልሲ እንዳየ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ወርዶ ድራሹ ጠፋ! አክስቱን የሰው ቤት ጥሎ!

«ይረፉ እማማ፣ አየር ይውሰዱ» አለች ፌቨን። በረንዳ ላይ ወንበር አውጥታ አስቀመጠቻት፣ ውሃ ሰጠቻት።

ትርንጎ ውሃውን ልትጠጣ ቀና አለች። ብርጭቆው ከንፈሯ ሳይደርስ ቆመ።

አዲስ አበባ ከእግሯ ሥር ተዘርግታለች። ቆርቆሮው እንደ ሐይቅ ያበራል፣ ፎቆቹ እንደ ክምር ቆመዋል፣ ከላይ ጥቁር ተራራ ዳመና ለብሶ ተኝቷል፤ መሀሉን ደግሞ አንድ ነገር እንደ አባጨጓሬ አንዴ ድልድይ ላይ እየወጣ አንዴ መሬት እየወረደ ይሳባል። አየች፤ የቱ ምን እንደሆነ ግን አታውቅም። ያኔ የአያልነህ ወረቀት ትዝ አላት። ከጉያዋ አውጥታ ለፌቨን ሰጠቻት። ፌቨን የመጨረሻውን ገጽ ከከተማዋ ጋር እያስተያየች፣ «ይኼ እንጦጦ ነው፤ ያ ባቡሩ ነው፤ ያ ቀጭኑ...» እያለች በጣቷ አሳየቻት።

«ማን ነው የሣለው? አንዲት እንኳ አልሳተም!»

ፌቨን እያንዳንዱን ስም ስትጠራ የጓንጉል ጩኸት በትርንጎ ጆሮ መጣ። ፒያሳ ስትባል፣ ዳገቱን ወንበሩ ወደ ኋላ ሲያጋድማት አውቃዋለች፤ ስታዲየም ስትባል ጡሩምባውን ሰምታዋለች። በጨርቅ ውስጥ የሰማችው ሁሉ አሁን ፊት አገኘ። ፀሐይ እስኪያዘቀዝቅ ከዚያ ወንበር አልተነሳችም። ከዚያ አንድ ፎቅ ወርዳ የአልጋነሽን ለቅሶ ደረሰች፤ አፏ «ወይኔ» ይላል፣ ፊቷ ይስቃል። አልጋነሽ እስከዛሬ ተቀይማታለች።

ጓንጉል በሃያ አገሯ መለሳት። በሃያ አንድ አሥራ ሁለቱ ሴቶች ተሰበሰቡ። ፋንቱ ጠላ እንኳ ሳትቀምስ ጀመረች።

«እህሳ፣ ባቡሩ በላይ ነው በታች የሚሄደው?»

«ላይም ታችም» አለች ትርንጎ። «እንደ አባጨጓሬ ነው። እስቲ አንቺ ንገሪኝ፣ እንጦጦ በየት በኩል ነው?»

ፋንቱ ነጠላዋን አስተካከለች። «በ... በሆስፒታሉ በኩል።»

«ከሆስፒታሉስ በየት?»

ፋንቱ ዋንጫዋን አነሳች። ያኔ አንዷ ከጥግ፣ «እንዴ፣ አሥሩን ቀን ዓይኗ በፋሻ ታስሮ አልነበር እንዴ?» አለች። ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። ባለፈው የሳቁት ሦስቱ ዛሬም አብዝተው ሳቁ፤ እነሱ ሥራቸው እሱ ነው።

«ፋንቱ» አለች ትርንጎ ጎንበስ ብላ፣ «ጠላው ጎድሏል።»

ፋንቱ ተነስታ ቀዳች።

ደጅ ሦስቱ ወንድማማቾች ቆመዋል። ትርንጎ የሻሼን ልጓም ይዛ ወጣች። ስለቷ በማርያም ነው፤ ልታስቀራት አትችልም፤ ለሦስት ልትቆርጣትም አትችልም።

«ያለ ወረቀቴ ያዩት ቆርቆሮና ድንጋይ ነበር» አለ አያልነህ። «እግሩ ሳይረግጣት የከተማዋን ልክ ያወቀ ማን ነው?»

«ያለ እኔ ወንዙ ማዶ ቁጭ ብለው ይቀሩ ነበር» አለ ጓንጉል። «ወስጃለሁ፣ አዙሬያለሁ፣ መልሻለሁ። ዓይንዎን የጨፈኑት እርስዎ ነዎት!»

«በረንዳው ላይ ያደረስኳቸው እኔ ነኝ» አለ ውቤ፣ አቀርቅሮ።

«ተሳስተህ!» አሉት ሁለቱ ባንድ ላይ።

«ብሳሳትም አደረስኳቸው። እናንተ ሳትሳሳቱ ምን አሳያችኋቸው?»

ሴቶቹ ተከፋፈሉ። አንዷ ለፌቨን ይላክላት ብትል፣ «ዘጠነኛ ፎቅ ላይ በቅሎ የት ታሠራለች?» ተባለች። ጠላው አልቆ ክርክሩ ገና ነበር። ሻሼ ሦስቱንም ተራ በተራ አየቻቸውና ጆሮዋን ወደ ኋላ ጣለች።

ትርንጎ ልጓሙን ዘርግታ ቆማለች፣ እጇ ዝሏል። እናንተ ቁጭ ብላችሁ የሰማችሁ፣ በሉ ፍረዱ፦ ከነዚህ ከሦስቱ ከንቱዎች ትርንጎን አዲስ አበባን ያሳያት ማን ነው? ሻሼስ ከነኮርቻዋ የምትገባው ለማን ነው?