«ጎተራው ይከፈት» ያለው ገበሬ

አንድ ሰው ነበረ። ሥራው ሰው ማሻገር ነበረ።

ይህን የሚናገሩት ጋሽ ልሳነወርቅ ናቸው፤ በአንድ ከተማ የውኃ አገልግሎት መሥሪያ ቤት ሠላሳ ሁለት ዓመት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው። ያናገራቸው ይርዳው ነው፤ የዚያው መሥሪያ ቤት የሠራተኞች ማኅበር ጸሐፊ። የሠራተኛው ጡረታ ይቀነስ የሚል ሐሳብ ከበላይ ወርዶ ማኅበሩ መከራከሪያውን ለማዘጋጀት በተሰበሰበበት ቀን፣ አንድ የኮንትራት ሠራተኛ ከኋላ ተነሥቶ የማይጥም ነገር ተናገረ። ይርዳውም ወደ ሽማግሌው መጥቶ፣ «ጋሼ፣ ጡረተኛ ሸክም ነው የሚል ሰው መጣብን። በሚቀጥለው ስብሰባ በሰው ፊት ላዋርደው ወይስ ጭራሽ እንዳይገባ ላድርገው?» ብሎ ጠየቀ። ጋሽ ልሳነወርቅ ከሁለቱ አንዱንም አልመረጡለትም። አንድ ሰው ነበረ ብለው ጀመሩ እንጂ።

ሰውየው የሚኖርበትን አገር ወንዝ ለሁለት ይከፍለው ነበር። እርሻው በዚህ በኩል ነው፤ ገበያው፣ ወፍጮውና ቤተ ክርስቲያኑ በዚያ ማዶ። ድልድይ የለም። ከሰኔ እስከ መስከረም ወንዙ ሲሞላ አሻጋሪ ከሌለ እህል አይፈጭም፣ ሕፃን ክርስትና አይነሣም፣ ሬሳ እንኳ መቃብሩን አያገኝም። አሻጋሪዎቹ እስከ ደረታቸው ውኃ ውስጥ ገብተው፣ በረጅም ዘንግ ደንጊያውን እየዳሰሱ፣ ሰውን በትከሻቸው ያሳልፋሉ። ሀብታም ይሁን ድኻ፣ እነርሱ የሚያውቁት ክብደቱን ብቻ ነው።

ውኃው ግን በነፃ አያሳልፍም። ሃያና ሠላሳ ክረምት በብርድ ውኃ የቆመ ጉልበት በቁርጥማት ተቆልፎ ይቀራል። ስለዚህ የድሮ ሰዎች ደንብ ሠርተው ነበር። አሻጋሪ በየመኸሩ ለድካሙ ከሚሰፈርለት እህል ቀንሶ በአንድ የጋራ ጎተራ ያስቀምጣል፤ አገሩም በዚያው ልክ ይጨምርበታል። ጉልበቱ ሲከዳው «ከወንዝ ወጣ» ይባልና እስኪሞት ድረስ ከዚያ ጎተራ ይበላል። ደንቡ ይኸው ነው፤ ከዚህ የረዘመ አልነበረም።

ሰውየውን ማሻገር ያስተማሩት አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ሚስታቸው ሞታለች፣ ልጅ አልወለዱም፣ ጉልበታቸው ታጥፎ አልዘረጋ ብሏል። ቀኑን ሙሉ ከደጃቸው ቁርበት ላይ ተቀምጠው የወንዙን ድምፅ እየሰሙ «ዛሬ ጨምሯል፤ ዛሬ ጎድሏል» ይላሉ። የሚበሉት ከጎተራው ነበር። ጎተራው ባይኖር ኖሮ መቀመጫቸው ከደጀ ሰላም ይሆን ነበር፤ እዚያም ተሸክሞ የሚያደርሳቸው ሰው ከተገኘ ነው። ሰውየው ይህን ያውቃል። የራሱም ጉልበት ጠዋት ሲነሣ መንቋቋት ከጀመረ ሁለት ዓመት አልፎታል።

ይህ አሻጋሪ ከትከሻው ሌላ አንድ ስጦታ ነበረው፤ ምላሱ። በአገሩ ሸንጎ አሻጋሪዎችን ወክሎ የሚናገር እርሱ ነበር። ሲናገር ሰው ሥራውን ትቶ ይሰማዋል። ግጥም ሲጥል ደግሞ የተመታው ሰው ራሱ ሳይቀር ይስቃል ይባል ነበር፤ ይስቅ እንደሆነ ግን የተመታውን ጠይቆ ያረጋገጠ የለም።

ያ ሸንጎ አንድ ልማድ ነበረው፤ «ቃል መመለስ» ይሉታል። አንድ ሰው ተናግሮ ሲቀመጥ፣ ሊቃወመው የሚነሣው ሰው አስቀድሞ የዚያን ሰው ቃል በራሱ አፍ መልሶ ይናገራል። የመጀመሪያው ተናጋሪ «ብያለሁ» ካለ ክርክሩ ይቀጥላል፤ «አላልሁም» ካለ ይደገማል። ሦስት ጊዜ መልሶ ያቃተው ሰው እስከሚመጣው ዓመት ሸንጎ አፍ አይኖረውም፤ የቆመለትም ወገን አብሮት ዝም ይላል። የጥንቶቹ ሰዎች ይህን ያደረጉት ለጨዋነት ሲሉ ይሁን ነገር ለማብረድ አይታወቅም። በኋላ በኋላ ልማዱ ላልቶ ነበር። ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ስለሚቸኩል፣ የተመለሰለት ቃል የእርሱም ባይሆን «ብያለሁ፣ ብያለሁ» ብሎ ያሳልፈዋል።

በአንድ ዓመት ጥቅምት ላይ በረዶ ወረደ። የታችኛውን ሰፈር ሳይነካ ከተራራው ሥር ያለውን ሰብል አጭዶት ሄደ። ታኅሣሥ ላይ ሸንጎ ሲቀመጥ በረዶ ከመታቸው ገበሬዎች አንዱ ተነሣ። ንግግር የማያውቅ ሰው ነበር። ከበሬው ጀመረ፤ ከበሬው ወደ አባቱ ሄደ፤ አባቱ በእርጅናቸው በማን ቤት እንደ ሰነበቱና በማን ቤት እንደ ሞቱ ሲቆጥር ቆየ፤ ከዚያ እንደገና ወደ በረዶው ተመለሰ። ሰው አዛጋ። በመጨረሻ «ስለዚህ ጎተራው ይከፈት» ብሎ ተቀመጠ። ወዲያው ከኋላው ዘመዶቹ «ይከፈት! ይከፋፈል!» ብለው ጮኹ።

አሻጋሪው ከዚያ ሁሉ ንግግር የሰማው የመጨረሻዋን ቃል ብቻ ነበር። ገበሬው ስለ አባቱ ሲያወራ እርሱ በልቡ ቤት ሲመታ ነበር። ተነሣና እንዲህ አለ፦

«በረዶ ቢመታው አዝመራው ቢጠፋ፣
አይጥ ጎተራ ገባ ሽማግሌ ሊገፋ።»

ሸንጎው በሳቅ ፈረሰ። ሴቶች በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ዳኛው እንኳ ጢማቸውን ይዘው ወደ ጎን ዞሩ። አሻጋሪዎቹ ጓደኞቹ ዘንጋቸውን ወደ ላይ አነሡለት። ያስተማሩትን ሽማግሌ እንጀራ በሁለት ስንኝ እንዳዳነ ተሰማውና ደስ አለው፤ እውነቱን ለመናገር በጣም ደስ አለው። ገበሬው ግን መሬት መሬቱን ያያል።

ሳቁ ሲበርድ ዳኛው «ቃሉን መልስ» አሉ።

«ጎተራው ተከፍቶ እህሉ ለተቸገረ ይከፋፈል ብሏል» አለ አሻጋሪው፣ ሊቀመጥ ጎንበስ እያለ።

ገበሬው ቀና ሳይል «አላልሁም» አለ።

አሻጋሪው ቀጥ አለ። «እንግዲያው፣ ከወንዝ የወጡ ሰዎች ሳይሠሩ ይበላሉ፤ ይቅርባቸው ብሏል።»

«አላልሁም።»

አሻጋሪዎቹ አጉረመረሙ። አንዱ «ሁላችንም በጆሯችን ሰምተናል፤ ነገረኛ ነው፣ አስወጡት» አለ። ከተራራው ሥር የመጡትም መልስ አላጡም፤ ከተቀመጡበት መነሣት ጀመሩ። የገበሬው ዘመዶች ብዙ ናቸው፤ ከስድቡ በፊት ግማሾቹ ወደ ቤታቸው ለመሄድ ሲያስቡ ነበር፣ አሁን ግን ሁሉም ቆመዋል። ዳኛው እጃቸውን አንሥተው፣ «አንድ ቀርቶሃል። ይህን ከሳትህ አሻጋሪዎች እስከ ከርሞ አፍ የላቸውም። እኔም የማደርገው የለም፤ ደንብ ነው» አሉ።

ሰውየው እዚያው እንደ ቆመ ነገሩ ገባው። እስከ ከርሞ አፍ የለም ማለት ዛሬ ጎተራው ሲከፋፈል የሚከላከል የለም ማለት ነው። ሽማግሌው በዚያች ቁርበት ላይ ተቀምጠው ታዩት። ሦስተኛውን ቃል ፍለጋ ራሱን መረመረ፤ ከገበሬው ንግግር ያስቀረው ምንም አልነበረም። የራሱን ግጥም ግን ከነምቱ ያስታውሰዋል።

ከዚያ በዚያ ሸንጎ ታይቶ የማይታወቅ ነገር አደረገ። ዘንጉን መሬት ላይ አስቀምጦ መካከሉን ተሻገረና ከገበሬው ፊት ቁጢጥ አለ። «ወንድሜ፣ አልሰማሁህም። ድገምልኝ» አለው።

ጓደኞቹ በኀፍረት አንገታቸውን ደፉ። በሸንጎ መካከል አልሰማሁም ማለት ተሸነፍሁ ከማለት የባሰ ነበር። ገበሬው ዝም ብሎ ቢቀር የሚያሸንፈው እርሱ ነበር፤ ይህንንም ሳያውቅ አልቀረም። ሆኖም ተናገረ።

«አባቴ አምስት ልጆች ነበሩት። ሲያረጅ ከአንዳችን ቤት ወደ አንዳችን ቤት እንደ ውሰት ዕቃ ስናዞረው ሞተ። እኔም አዙሬዋለሁ። ለእናንተ ጎተራ በየዓመቱ እሰፍራለሁ፤ ከፍቶኝ አያውቅም፣ ይገባችኋል። የእኔ ጉልበት ሲያልቅ ግን ማን ይሰፍርልኛል? በረዶው ሲወርድ በር ላይ ቆሜ ያሰብሁት ይህን ነው። ጎተራው ለእኛም ይከፈት ነው ያልሁት። እንደናንተ ልስፈርና ልግባ። ይከፋፈል ያሉት እነርሱ ናቸው፤ እኔ አላልሁም።»

አሻጋሪው ተነሥቶ ቃሉን መለሰ። አባቱንም፣ ውሰት ዕቃውንም፣ በር ላይ መቆሙንም ሳያስቀር መለሰ። ገበሬው «ብያለሁ» አለ። በዚያ ቀን እንደዚያ በዝግታ የተባለ «ብያለሁ» አልነበረም።

አፉ የተመለሰለት አሻጋሪ አሁን የራሱን ተናገረ፤ ግጥም የለውም። «ጎተራው አይከፋፈልም» አለ። «ውስጡ ያለው እህል ማንም ለማንም የመጸወተው አይደለም። እያንዳንዱ አሻጋሪ ከልጆቹ አፍ ቀንሶ ያስቀመጠው ነው፤ እናንተም ለተሻገራችሁበት ጨመራችሁበት። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ብለው ቃል የሰጡ አባቶቻችሁ ናቸው። ዛሬ በቸገረን ጊዜ ከከፈትነው፣ በሰኔ ወንዝ የሚገባ ጎበዝ አታገኙም። ሰው ጉልበቱን ለውኃ የሚሰጠው ጉልበቱ ሲያልቅ የሚበላው እንዳለ አምኖ ነው። ይህ ሰው ግን ውሰዱልኝ አላለም፤ አስገቡኝ ነው ያለው። ይህን እኔ የምቃወምበት አፍ የለኝም።»

የገበሬው ዘመዶች ወደ ገበሬው አዩ። እርሱ እንደ ተቀመጠ ሲቀር እነርሱም አንድ በአንድ ተቀመጡ። ሸንጎው ጎተራው እንዳይነካ ፈረደ። ከሚመጣው መኸር ጀምሮም ገበሬ የፈለገ እንደሆነ በጎን ሌላ ጎተራ ተሠርቶለት እንዲያስቀምጥ ተስማማ። በመጀመሪያው ዓመት የገቡት ሰባት ቤቶች ብቻ ነበሩ፤ አገሩ ስንት ይጨምር በሚለው ላይም እስከ ዛሬ ይከራከራሉ ይባላል። ሽማግሌውም እስኪሞቱ ድረስ ከቁርበታቸው ሆነው ወንዙን ሰሙ።

አሻጋሪው ግን አንድ ነገር አልቀናውም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ግጥሟ በዚያው ቀን ከሸንጎው ቀድማ ገበያ ደርሳ ነበር። ሰውየው ድንጋይ ተሸክሞ፣ ሽማግሌ አስከትሎ ከገበሬው ደጅ ወደቀ። ገበሬው አነሣው፤ ይቅርም አለው። ልጆቹን ግን አገሩ «የአይጥ ልጆች» ማለቱን አልተወም፤ የሚሉትም አብዛኞቹ ግጥሙን ማን እንዳለው፣ ስለምን እንዳለው የማያውቁ ናቸው። ገበሬው ከዚያ በኋላ ክረምት ሲመጣ ወደ ገበያ የሚወርደው የግማሽ ቀን መንገድ ዞሮ በላይኛው መሻገሪያ ነበር። ተጣልቶ አይደለም። በዚያ ሰው ትከሻ ላይ መቀመጥ ስለከበደው ነው። አሻጋሪውም ከዳር ሆኖ ሲያልፍ ያየዋል።

ጋሽ ልሳነወርቅ እዚህ ላይ አበቁና ወደ ይርዳው ዞሩ።

«እንግዲህ ልጄ፣ ወንዙ ሥራችሁ ነው። ዋናው ቧንቧ ሲፈነዳ እስከ ወገባችሁ ጭቃ ውስጥ የምትገቡት እናንተ ናችሁ። ጎተራው ጡረታችሁ ነው፤ ከደመወዛችሁ እየተቆረጠ የገባ እንጂ ማንም የሰጣችሁ ችሮታ አይደለም። ያን አትልቀቁ፤ ስለ እርሱ ስትናገሩም ድምፃችሁ አይነስ። ነገር ግን ጡረታ ያለው ሰው ጡረታ የሌለውን ሲያዋርድ ማየት የሚያስደስተው ማንን እንደሆነ አስብ፤ ይቀነስ የሚሉትን ነው። ሥራቸውን ትሠራላቸዋለህ። ያ የኮንትራት ሠራተኛ ከአንተ ጋር በአንድ ጭቃ ይቆማል። ጉልበቱ ሲያልቅ ግን እርሱን ከወንዝ ወጣ የሚለው የለም።»

ይርዳው ራሱን ነቀነቀ።

«አሁን ሠራተኛው ያለውን መልስልኝ» አሉት ጋሽ ልሳነወርቅ።

«ጡረተኛ ሸክም ነው…» ብሎ ጀመረና ቆመ።

«ብያለሁ ይላል?»

«አላውቅም ጋሼ» አለ ይርዳው። «እሱ ሲናገር መልሴን እያዘጋጀሁ ነበር።»

«እንግዲያው ላዋርደው ወይስ ላስወጣው ብለህ እኔን አትጠይቀኝ» አሉ ሽማግሌው። «ሂድና አጠገቡ ተቀመጥ።»