የሽመላዋ የመጨረሻ እንቁላል

ያልተቀመጠ ይቀመጥ፤ የሚያወራም ዝም ይበል፤ ልጀምር ነው።

በፎገራ ሜዳ ዳር፣ ሩዝ በሚዘራበት አገር፣ ማንጠግቦሽ የምትባል የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። የምትፈልገው አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ ነበር፦ ጫጩት ከእንቁላል ስትወጣ ማየት።

የዶሮ ጫጩት እንዳይመስላችሁ፤ የሽመላ ጫጩት ናት። ሽመላ በኅዳር ወደ ሜዳው ይመጣል። በረጃጅም ቀይ እግሮቹ ማሳው ውስጥ እየተራመደ አንበጣ ይለቅማል። መጋቢት ላይ ተነስቶ ይሄዳል።

"ቲቸር፣ ሲሄድ የት ነው የሚሄደው?" ብላ ጠየቀች ማንጠግቦሽ።

የሳይንስ መምህሯ አስረበብ መልሱን አልነገረቻትም፤ አሳየቻት። ከባሕር ማዶ፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ፣ ሰዎች ከሽመላ ጎጆ አጠገብ ካሜራ ሰቅለዋል። ካሜራው የሚያየውን ሁሉ በዚያችው ቅጽበት በኢንተርኔት ይልካል። መምህርት አስረበብ ኮምፒውተሩን ከስልኳ ኔትወርክ ጋር አገናኝታ በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ ለቀቀችው።

"ይህ ፊልም አይደለም" አለች። "አሁን ነው። ይቺ ላባ በነፋስ የምትነሳው አሁን ነው።"

ስልሳ ልጆች አንገታቸውን አሰገጉ።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ አሥር አሥር ደቂቃ ያያሉ፤ ያዩትንም በደብተራቸው ይጽፋሉ። እንቁላሎቹ ሦስት ነበሩ። አንድ ቀን እዚያ አገር ኃይለኛ ዝናብና ነፋስ መጣ፤ በማግስቱ ሲያዩ አንድ ብቻ ቀርቷል። እናቲቱ አንዷን ታቅፋ ተኝታለች። እንቁላሏ ከተጣለች በሠላሳ ሦስተኛው ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ተሰነጠቀች። ትንሽ ቀዳዳ ታየ። ከቀዳዳው ውስጥ የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ።

"ቲቸር! መጣች!" ብላ ማንጠግቦሽ ብድግ ስትል፣ ድርግም! መብራት ጠፋ።

መምህርቷ በስልኳ ልታሳያቸው ሞከረች። እንቁላሏ የጤፍ ፍሬ አከለች፤ ስልሳ ራስ እርስ በርሱ ተጋጨ። "እትዬ ዘርፌ ሩዝ መፈልፈያ ቤት ጄኔሬተር አለ" አለች። "ሩጪ ማንጠግቦሽ፣ ለምኚልኝ።"

ማንጠግቦሽ ሮጠች።

"እምቢ ማለቴ አይደለም ልጄ" አሉ እትዬ ዘርፌ በመፈልፈያው ጩኸት መሃል። "ጋሼ ታከለ ከሩቅ መጥተው ሩዛቸው እየተፈለፈለ ነው። ተራቸውን ካልለቀቁልኝ ጄኔሬተሩን ከዚህ እንዴት ላንሳው?"

ተራው ካልተለቀቀ ጄኔሬተሩ አይነሳም፤ ጄኔሬተሩ ካልተነሳ መብራቱ አይበራም፤ መብራቱ ካልበራ ማንጠግቦሽ ጫጩቷን አታይም።

ጋሼ ታከለ ኬሻቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። "እኔማ በለቀቅኩ" አሉ። "ግን ያ ባለጋሪ አቻኩሎ ሊገድለኝ ነው። አሁኑኑ ካልጫንኩ ጥሎኝ ይሄዳል። እሱን ለምኚው።"

ጋሪው ካልጠበቀ ተራው አይለቀቅም፤ ተራው ካልተለቀቀ ጄኔሬተሩ አይነሳም፤ ጄኔሬተሩ ካልተነሳ መብራቱ አይበራም፤ መብራቱ ካልበራ ማንጠግቦሽ ጫጩቷን አታይም።

ባለጋሪው ሞላልኝ በር ላይ ልጓም ይዞ ይታገላል። "እኔ መጠበቅ አያቅተኝም" አለ። "ፈረሴን ጠይቂው! ከንጋት ጀምሮ ውሃ አልቀመሰም፤ ይኸው አልቆምም ብሎኛል።" ፈረሱም አፍንጫውን ነፋና መሬቱን በኮቴው ደበደበ።

ፈረሱ ካልጠጣ ጋሪው አይጠብቅም፤ ጋሪው ካልጠበቀ ተራው አይለቀቅም፤ ተራው ካልተለቀቀ ጄኔሬተሩ አይነሳም፤ ጄኔሬተሩ ካልተነሳ መብራቱ አይበራም፤ መብራቱ ካልበራ ማንጠግቦሽ ጫጩቷን አታይም። ጫጩቷ ደግሞ ማንንም አትጠብቅም!

ማንጠግቦሽ ወደ ቦኖው በረረች። ቦኖው ተቆልፏል። የቦኖው ጠባቂ እማማ አንጓች ቁልፉን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ጥላ ስር ተቀምጠዋል።

"እማማ፣ በናትዎ ይክፈቱልኝ!"

"እስከ አሥር ሰዓት አይከፈትም። ለአንዱ ከከፈትኩ ለሁሉም ልከፍት ነው፤ ማታ እናቶች ባዶ ጀሪካን ይዘው ይመለሳሉ። ደግሞ ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የምታለከልኪው?"

ማንጠግቦሽ እንባዋ መጣ። በአንድ ትንፋሽ አወረደችው፦ "ቦኖው ካልተከፈተ ፈረሱ አይጠጣም፤ ፈረሱ ካልጠጣ ጋሪው አይጠብቅም፤ ጋሪው ካልጠበቀ ተራው አይለቀቅም፤ ተራው ካልተለቀቀ ጄኔሬተሩ አይነሳም፤ ጄኔሬተሩ ካልተነሳ መብራቱ አይበራም፤ መብራቱ ካልበራ የሽመላዋን ጫጩት አላይም!"

እማማ አንጓች ቀና አሉ። "ሽመላ ነው ያልሽኝ? ይሄ የኛ? በመጋቢት ጥሎን የሚሄደው?"

"አዎ። የሚሄድበት አገር ጎጆው አለ። ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ ይታያል።"

አሮጊቷ ወደ ሜዳው ተመለከቱ። "ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሽመላው ሰማዩ ላይ እየዞረ ከፍ ሲል እርሻውን አቁሞ ያይ ነበር። 'አንጓች፣ ወዴት ይሆን የሚሄዱት?' ይለኛል። እኔ ምን አውቄ! ሳያውቀው ሞተ።" ተነሱ። "ቦኖውን ያለሰዓቱ አልከፍትም። ግን የራሴ ሁለት ጀሪካን ውሃ ቤት አለኝ። ለዛሬ የያዝኩት ነው፤ ይጠጣው። እኔንም ትወስጂኛለሽ።"

ያን ጊዜ ነገሩ ሁሉ ተፈታ። እማማ አንጓች ውሃውን ቀዱ፤ ፈረሱ ጠጣ፤ ፈረሱ ሲጠጣ ጋሪው ቆመ፤ ጋሪው ሲቆም ጋሼ ታከለ ተራቸውን ለቀቁ፤ ተራው ሲለቀቅ ጄኔሬተሩ ተነሳ፤ ሞላልኝ ጋሪው ላይ ጫነው፤ እማማ አንጓችም አጠገቡ ተቀመጡ። ጋሼ ታከለ በእግር ተከተሉ፤ እትዬ ዘርፌም ቤቱን ዘግተው ተከተሉ።

ትምህርት ቤት ሲደርሱ ጄኔሬተሩ ተንደቀደቀ። ፕሮጀክተሩ በራ። ግድግዳው ነጭ ሆነ፤ መሃሉ ላይ አንዲት ክብ ትዞራለች፣ ትዞራለች፣ ትዞራለች።

ከዚያ ጎጆው መጣ።

እናቲቱ ቆማለች። ከእግሯ ስር ቅርፊቱ ለሁለት ሊከፈል ምንም አልቀረውም። ውስጡ እርጥብ ነገር ይገፋል፤ ያርፋል፤ እንደገና ይገፋል። ልጆቹም ሳያውቁት አብረው ይገፋሉ። ቅርፊቱ ተገለበጠ። ዓይኗን ያልገለጠች፣ ራሷን መሸከም ያቃታት፣ ከጣት የማይበልጥ ክንፍ ያላት ጫጩት ወጣች። ማንጠግቦሽ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች። ደብተሯ ከእጇ መውደቁን እንኳ አላወቀችም።

እናቲቱ አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ መንቆሯን አንኳኳች፤ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ! ክፍሉ ሙሉ አስተጋባ።

እማማ አንጓች በቀስታ ወደ ግድግዳው ተጠጉ። "አሁን ነው ይሄ?"

"አሁን ነው እማማ" አለች መምህርት አስረበብ።

"እዚያም ፀሐይ ወጥቷል?"

"ያችው የኛዋ ፀሐይ ናት።"

አሮጊቷ ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ አራስ ቤት እንደገባ ሰው ጎንበስ አሉና ሽመላዋን፦

"እንኳን ማርያም ማረችሽ" አሏት።