ታችኛዋ ዋሻ

ይህን ያጫወተችኝ እትዬ ድንቄ ናት፤ ከግቢያችን በስተጀርባ በቆርቆሮ አጥር የምንዋሰን፣ በርበሬ ስናሰጣ ወሬ የምንለዋወጥ ጎረቤቴ። እሷ ደግሞ የሰማችው እዚያው አገር ካገባችው እህቷ ነው። እኔ ቦታውን በዓይኔ አላየሁትም፤ እንደነገረችኝ ነው የምጽፈው። አንብባችሁ ለሌላ ብታካፍሉ ደስ ይለኛል።

አንድ መንገድ መሪ ነበር፤ ዋሴ ይባላል። አገሩ ደጋ ነው፤ ከተራራው ጀርባ ሌላ ተራራ፣ ከሸለቆው ማዶ ሌላ ሸለቆ። እዚያ አገር ሰው ለሽርሽር ብሎ በእግሩ ይሄዳል። መኪና ያለው ሰው መኪናውን ከተማ አቁሞ፣ በሁለት እጁ ሁለት ዘንግ ይዞ፣ እንደ ፍየል በአራት እግሩ ዳገት ይወጣል። ዋሴ ከፊት ይቀድማል፤ በቅሎዎቹ ድንኳንና ስንቅ ተጭነው ከኋላ ይከተላሉ። ይህ ተክል ጅብራ ነው፣ ያ ሣር ጓሳ ነው፣ ያቺ ደግሞ ልጇን ያዘለች ጭላዳ ዝንጀሮ ናት እያለ ያሳያል። አንደበቱ ጣፋጭ ስለሆነ እንግዳ ሁሉ ይወደዋል።

የጉዞው መጨረሻ ገደሉ አናት ላይ ያለው ውቅር ቤተ ክርስቲያን ነው። አንድ ጻድቅ ዘመናቸውን ሁሉ የጸለዩበት ነው ይባላል፤ ከጎኑም ጠበል አለ። ቁልፉን የሚይዙት ቄስ ወልደ ሰንበት ናቸው። በአገሩ ወግ መሪው ከገደሉ ሥር ቆሞ ጮክ ብሎ ይጣራል። ቄሱ ሲሰሙ ጋቢያቸውን ደርበው፣ በሩን ከፍተው እንግዳውን ይጠብቃሉ። ያልተጠሩ ቀን አይከፍቱም።

ታዲያ በአንድ ወቅት ከመንገደኞቹ ጋር አንድ የጨርቅ ነጋዴ መጣ። ወፍራም፣ ሳቂታ ሰው ነው፤ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ግን እንቅልፍ አጥቷል። ልጆቹ አየር ይቀይር ብለው ነው የላኩት። እሱ በልቡ ያሰበው ሌላ ነው፤ እዚያ ቤተ ክርስቲያን ደርሶ ስለ ሚስቱ ነፍስ ጧፍ ሊያበራ። ዳገቱን ሁሉ እያለከለከ ወጣው። ገደሉ ሥር ሲደርስ፣ እግር የሚጣለው ድንጋዩ ላይ በተፈለፈለ ጉድጓድ መሆኑን ሲያይ ቁጭ አለ። ሌሎቹን መንገደኞች የዋሴ ረዳት ይዟቸው ወጣ። ነጋዴው ፊቱን በኮፍያው ሸፍኖ አለቀሰ።

ዋሴ አዘነ። ይህችን ልብ በሉልኝ፤ አዝኖ ነው። አጠገባቸው አንዲት ትንሽ ዋሻ አለች። ዝናብ ሲመጣ በጎች ይጠለሉባታል፤ ከጣሪያዋ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል።

«ጋሼ፣ አይዘኑ» አለው። «ጻድቁ ወደ ላይ ከመውጣታቸው በፊት መጀመሪያ የጸለዩት እዚች ዋሻ ውስጥ ነው።»

«እዚች?»

«እዚችው። ይቺ ውሃም ያኔ የፈለቀች ናት።»

ነጋዴው ጫማውን አወለቀ። ጎንበስ ብሎ ገባ፣ ጧፉን አበራ፣ ሚስቱን በስሟ ጠርቶ አደራ አለ። ሲወጣ ፊቱ የሌላ ሰው ፊት ሆኗል። እንቅልፍም ተመለሰለት ይባላል። ማን ተጎዳ? ማንም። ዋሴም ቤቱ የገባው ደስ ብሎት ነው።

ከዚያ ወዲያ ጉልበቱ የደከመ ሁሉ ወደ ዋሻዋ ሆነ። ቀጥሎ ጉልበት ያለውም። ጭጋግ ሲሆን ዋሻዋ ትቀርባለች፤ ሊዘንብ ሲያጉረመርም ዋሻዋ ትቀርባለች፤ ዋሴን ራሱን ሲደክመውም ዋሻዋ ትቀርባለች። ሌሎቹ መሪዎች አዩና ያንኑ ማውራት ጀመሩ። እንዲያውም ሙላት የሚባለው ጓደኛው፣ ድንጋዩ ላይ ያለች ጎድጓዳ ነገር እያሳየ «ጻድቁ ክርናቸውን ያሳረፉበት ነው» ማለት አመጣ። ፈረንጁ ፎቶ ያነሳል። ያገሩ ሰውም በጀሪካን ውሃ መቅዳት ጀመረ። ወደ ላይ የሚጣራ ጠፋ።

ቄስ ወልደ ሰንበት ነገሩ ሲበዛባቸው ወረዱ። ዋሴን በቅሎ ሲጭን አገኙት።

«ልጄ፣ ምነው ድምፅህ ጠፋ? ታመህ ነው?»

«ኧረ ደህና ነኝ አባ። እንግዶቹ እየደከማቸው ነው።»

«ከታች ስትጫወቱ ይሰማኛል፤ ወደ እኔ የሚመጣ ግን የለም። ለመሆኑ እዚያ የበግ መጠለያ ውስጥ ምን ታሳዩአቸዋላችሁ?»

ዋሴ የበቅሎዋን መጫኛ አጠበቀ። «ያርፉበታል» አለ።

ቄሱ ጋቢያቸውን መልሰው ደረቡ። ከዚያ ዳገታቸውን ተመለሱ።

ዋሴ እናት አሉት፤ እማማ ብርቄ። ዓይናቸው እየደከመ መጥቶ ሰው የሚለዩት በድምፅ ሆኗል። እሳቸው የዋሻዋን ወሬ ሲሰሙ ማንን ይጠይቁ? ልጃቸው ራሱ ነው ለእንግዳ ሲያስረዳ የሚውለው። ስለዚህ በየጠዋቱ ጎረቤት እየመራቸው ይሄዱና በዚያች ጠብታ ዓይናቸውን ይታጠባሉ። ዋሴ እንግዳ ይዞ ወጥቶ ስለሚሰነብት፣ ዋሻዋ ጋ የሚደርሰውም እሳቸው ከተመለሱ በኋላ ስለሆነ አላወቀም። የእትዬ ድንቄ እህት ግን እርጥብ ነጠላቸውን አጥር ላይ ሲያሰጡ በየቀኑ ታያለች። ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። የሚነግረው ግን አልተገኘም፤ ምን ብሎ ይነግረዋል?

በዚያ ሰሞን የዓይን ሐኪሞች ለዘመቻ ወደ ጤና ጣቢያው መጡ። ዋሴ እናቱን በበቅሎ አስቀምጦ ወሰደ። ሐኪሟ መርምራ ስትጨርስ ወደ ውጭ ጠራችው።

«የግራው ጠፍቷል። ቀደም ብለው ቢመጡ ይተርፍ ነበር። የቀኙ ሞራ ነው፣ ይገፈፋል፤ ግን ከቆየ እንደ ግራው ይሆናል። እኛ እሁድ ወደ ሌላ ወረዳ እንሄዳለን።»

እማማ ብርቄ ግን ዓይኔ በብረት አይነካም አሉ። «ጻድቁ ጀምረውልኛል። ትናንት ጥላ ነገር አይቻለሁ፤ አሁን ተነክቶ ሊበላሽ ነው?»

 የትኛው ጻድቅ፣ የትኛው ውሃ እንደሆነ ዋሴ ያን ጊዜ ነው የገባው። ቤት እንደደረሱ እግራቸው ሥር ተቀመጠ።

«እማ፣ ያ ውሃ ጠበል አይደለም።»

«ምን አልክ?»

«ዋሻዋ የበግ መጠለያ ናት። እኔ ነኝ ያወራሁት።»

እማማ ብርቄ ሳቁ። ልጁን የጎዳው ሳቃቸው ነው አለች እትዬ ድንቄ።

«ለፈረንጅ እውነቱን፣ ለናትህ ውሸቱን? ዓይኔን ለመቀስ እንድሰጥልህ ብለህ ነው። ልጅ ሆነህ ኮሶ ሳጠጣህ ማር ነው እልህ ነበር፤ ብድሬን እየመለስክ ነው።»

«እማ፣ አንቺን ይንሳኝ።»

«አትማል። ለእንግዶቹም ስትነግራቸው ምለህ ነበር።»

ዋሴ በማግስቱ ገደሉ ሥር ሄዶ እንደ ድሮው ተጣራ። ቄሱ በሩን ከፍተው ቢጠብቁ የመጣው ብቻውን ነው። ሁሉን ነገራቸው፤ እናቴን እርስዎ ይንገሩልኝ ብሎ ለመናቸው።

«እኔ ብነግራቸው፣ የሚመጣለት ሲያጣ ቀና ነው የሚሉኝ» አሉ ቄሱ። «ሐኪሟንም እግዚአብሔር ነው የላካት፤ ይህን እኔ እነግራቸዋለሁ፣ ጠበሉንም ይዤ እወርዳለሁ። ያንን ወሬ ግን መልሰህ የምትወስደው አንተ ነህ። ባወራህበት ቦታ፣ ላወራህላቸው ሰዎች።»

ቅዳሜ በማለዳ መንገደኞች መጡ። ከመካከላቸው ማን ቢኖር ጥሩ ነው? ያ ነጋዴ። ዘንድሮ ልጆቹን ሁሉ አስከትሎ፣ ለዋሻዋ ስለት የሚሆን በወርቅ ዘቦ የተጠለፈ ትልቅ ጥላ አስይዞ ነው የመጣው። መሪዎቹ ሁሉ ተሰብስበዋል። እማማ ብርቄ እንደ ልማዳቸው ዋሻዋ ጥግ፣ ጠብታዋ ሥር ተቀምጠዋል።

ሙላት የዋሴን ፊት አይቶ ጠረጠረ። ጎተት አድርጎ ወሰደው።

«ዛሬ አፍህን ያዝ። ያንተ ወሬ የሁላችንም እንጀራ ሆኗል።»

«እናቴ ናት እኮ።»

«እናትህን ማታ በቤትህ አሳምን። እዚህ ምን አመጣው?»

 ነጋዴው ጥላውን ሊዘረጋ ሲል ዋሴ ቀረበ።

«ጋሼ፣ አይዘርጉት።»

«ምን ሆንክ ልጄ?»

«ጻድቁ እዚህ አልጸለዩም። ይቺ በግ የሚጠለልባት ዋሻ ናት። ያን ጊዜ ሲያለቅሱ አሳዘኑኝና የፈጠርኩት ነው።»

የነጋዴው ፊት ደም መሰለ። ልጆቹ መሬት መሬት ያያሉ። ፈረንጆቹ ምን አለ፣ ምን አለ ይላሉ፤ የሚተረጉምላቸው የለም።

«እና እኔ ሚስቴን አደራ ያልኩት ለማን ነው?» አለ ነጋዴው።  «ንገረኛ። ለበግ ነው?»

ያኔ ነው ከጥግ የእማማ ብርቄ ድምፅ የተሰማው።

«ዋሴ፣ አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ እማ።»

«እንግዶቹ አሉ?»

«አሉ።»

«ጓደኞችህም?»

«ሁሉም አሉ።»

እማማ ብርቄ የነጠላቸውን ጫፍ ጨምቀው፣ ግድግዳውን ተደግፈው ተነሡ።

«ቤት ውስጥ ስትለኝ አላመንኩህም፤ ምንም አላወጣህበትማ። እዚህ ግን እንጀራህ ፊት ቆመህ ነው ያልከው። በል ምራኝ፤ ሐኪሞቹ ሳይሄዱ እንድረስ።»

እኔ ይህን ከሰማሁ ወዲህ ብዙ አሰላስያለሁ። ከክፋት የሚወጣ ውሸት ሰው ሁሉ ስለሚጠላው ቶሎ ይገኛል። ከርኅራኄ የሚወጣው ግን ማንም አይነካውም፤ ይመቻል፣ ይቀርባል፣ ሰው ይለምደዋል። ለመንገደኛ የተነገረውን መንገደኛው ይዞት አይሄድም፤ እዚያው ይቀርና የራስን ሰው አድፍጦ ይጠብቃል። ሊያቃናው የፈለገም በጓዳ አንሾካሹኮ አይሆንለትም፤ ውሸቱን በተናገረበት አደባባይ እውነቱን መናገር አለበት። እስቲ እናንተም አስቡት፤ ለደከመ ሰው አዝናችሁ ያሳያችሁት አቋራጭ ካለ፣ ዛሬ ማን እየሄደበት ነው?

እማማ ብርቄ የቀኝ ዓይናቸው ተገፎ ያያሉ፤ የግራው እንደጠፋ ቀርቷል።

ነጋዴው ልጆቹ ከላይ እየጎተቱት፣ ከታች እየገፉት ያንኑ ቀን ገደሉን ወጣ። ጥላውን ለላይኛው ቤተ ክርስቲያን ሰጠ። ዋሴን ግን ከዚያ ወዲህ ሰላም ብሎት አያውቅም።

ቄስ ወልደ ሰንበት ቁልፉን እንደያዙ ናቸው።

ዋሴን መሪዎቹ ከማኅበራቸው አስወጡት። አሁን ከኋላ ሆኖ በቅሎ ይነዳል።

ሙላት የመሪዎቹ ሊቀመንበር ሆኗል።

ዋሻዋ የቆርቆሮ በር ተሠርቶላታል፤ ሰው አሁንም ይሄዳል።