የተረፉት መቃብር

አንዲት የሐይቅ ዳር ሴት ነበረች፤ ስሟ የሺመቤት ይባላል። ባሏ ደምለው የደንገል ታንኳ ቀዛፊ ነበር። ወሬው የደረሳት ዕለት ደጇ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅም ነበር። ጎረቤቶቿ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሲመጡ ስታይ ማንም አፉን ሳይከፍት ሰፌዱን ጥላ ተነሣች። የሹሙን እህል የጫነው ትልቁ ታንኳ ከሐይቁ መካከል ሲሰምጥ ዓሣ አጥማጆች ከሩቅ አይተዋል፤ የተረፈም ሰው የለም አሏት።

ለቅሶው ተጀመረ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ግን ደምለው ውሃ እየተንጠባጠበ በገዛ ለቅሶው መካከል ገብቶ ቆመ። እሱና ሁለት ጓደኞቹ፣ ጫኔና አበጀ፣ ከታንኳው በተፈታ የደንገል እስር ላይ ተንጠልጥለው ወደ ዳር ወጥተው ኖሯል። እሪታው እልልታ ሆነ። የሺመቤት አንገቱ ላይ ተጠመጠመች።

«አንተ ሰው፣ በል ያፈሰስነውን እንባ መልስ!» ብሎ አንድ ሽማግሌ ቢቀልድ ለቀስተኛው ሁሉ ሳቀ።

ከዚያ ልጇ የሰመጠባት አንዲት እናት ቀረብ አለችና «የኔ ልጅስ ደምለው? እንዴት ሆኖ ሞተ?» አለችው።

ደምለው እንዲህ ሲል መለሰላት፦ «ታንኳው አልደረቀም ነበር እናቴ። ደንገል ውሃ ይጠጣል። ከአንድ ጉዞ በኋላ ዳር ላይ ቆሞ ፀሐይ ካልመታው ይከብዳል። ለሹሙ ነግረነው ነበር። ‹የልጄ ሠርግ ደንገል እስኪደርቅ አይጠብቅም፤ ጫኑ› አለን። ጫንን።»

ሳቁ ጠፋ። የሹሙ ሰዎችም ከለቀስተኛው መካከል ነበሩ። ሰው ሁሉ መሬት መሬት እያየ፣ ነጠላውን እያጣፋ፣ አንድ በአንድ ወጣ።

ሹሙ ብልህ ሰው ነበር። ማንንም አላሰረም፣ ማንንም አልገረፈም። ለሰመጡት ከሐይቁ ዳር የድንጋይ ሐውልት አሠራላቸው፤ ስማቸውንም አስቀረጸበት። በየዓመቱ በሬ እየጣለ፣ ጠላ እያስጠመቀ ሙት ዓመታቸውን ያወጣ ጀመር። ደግ ሰው ተባለ። ያቺ እናት እንኳ የልጇን ስም በጣቷ ስትዳብስ ውላ፣ የሹሙን ጉልበት ስማ ወደ ቤቷ ገባች።

ለተረፉት ግን ማንም ሥራ አልሰጣቸውም። መጀመሪያ «እድለኞች» ተባሉ። ሰንበት ብሎ «ማንን ረግጠው ይሆን የወጡት?» ተባለ። ጫኔ መጠጥ ውስጥ ገባና ሞተ። አበጀ እንጀራ ፍለጋ ቆላ ወርዶ ንዳድ ይዞት ተመለሰ፤ እሱም ሞተ። ደምለው ቆየ። ለጠየቀው ሁሉ መልሱ ያው ነበር፤ «ታንኳው አልደረቀም ነበር» ይላል። ኋላ የሚጠይቀው ጠፋ። መናገር ተወ። መብላትም ተወ። አንድ ክረምት ይህ ነው የማይባል በሽታ ያዘውና ሄደ። ቃሬዛውን የሚሸከም ሰው አንሶ የሺመቤት አንዱን ጫፍ ራሷ ያዘች። የቀበረችውም ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ጥግ፣ እሾኽ ከበቀለበት፣ ከሁለቱ ጓደኞቹ አጠገብ ነው።

የሙት ዓመቱ ቀን ሲቃረብ ወደ ቄሱ ሄደች።

«አባ፣ የሰመጡትን ስም ሲጠሩ የነዚህን የሦስቱንም አብረው ይጥሩልኝ።»

«ልጄ፣ እነሱ እኮ አልሰመጡም። አልጋቸው ላይ ነው የሞቱት» አሏት።

«ደምለው ከሐይቁ ወጣ ከተባለ ወዲህ አንድ ቀን ቤቱ መጥተው አይተውታል?»

«አልመጣሁም።»

«እኔ እስኪሞት አብሬው ነበርኩ። ከሐይቁ ሲወጣ ግን አንድም ቀን አላየሁትም።»

ቄሱ አቀረቀሩ። ቢሆንም ድግሱ የሹሙ ነውና ስማቸውን አልጠሩም።

በሙት ዓመቱ ዕለት አገሩ ሁሉ ወደ ሐውልቱ ሲወርድ የሺመቤት ወደ ቅጥሩ ጥግ ሄደች። የሦስቱን መቃብር እሾኽ እየነቀለች ቁልቁል ስታይ፣ የድግሱን ጠላ ያመጣው ታንኳ ውሃው ገና እየተንጠፈጠፈ፣ ከማዶ እንግዶች እንዲያመጣ ተመልሶ ሲገፋ አየች። እየሮጠች ወረደች። ቀዛፊው ፈንቴ የሚባል፣ የልጆች አባት የሆነ ሰው ነው።

«ፈንቴ! አልደረቀም! በእጅህ ዳስሰው እስቲ!»

ፈንቴ ወደ ሹሙ አየ። ሹሙም «ሴትዮ፣ ዛሬ የሙታን ቀን ነው፤ ሟርትሽን ይዘሽ ወደዚያ!» አላት።

«ብቻዋን መሆኑ ሰልችቷት ነው፤ ጓደኛ የምትሆናት መበለት ፈልጋ ነው» አለ አንዱ፤ ሰውም ሳቀ።

ታንኳው ሄደ። የሺመቤት ዳሩ ላይ ቆማ ጠበቀች። ታንኳውም እንግዶቹን እንደ ጫነ በደኅና ተመለሰ። እየዘፈኑ ወረዱ።

«የታል የሰመጠው?» አሏት። «ለካ ያ ባልሽ እድሜውን ሙሉ ሲዋሽ ኖሯል!»

ከመከራዋ ሁሉ ይህ ባሰባት። ባሏን ዛሬ ሁለተኛ የቀበሩት መሰላት። ወደ መቃብሮቹ ተመለሰች።

ድግሱ ሲበተን ፈንቴ ወደ እሷ መጣ። ሱሪው ከታች ርሷል።

«እትዬ የሺ።»

«ሳቁ አልበቃህም? እስከዚህ ተከተልከኝ?»

«ልስቅ አልመጣሁም። ስንመለስ ውሃው ቁርጭምጭሚቴን አልፎ ነበር። እንግዶቹ የፍሪዳውን ወሬ ይዘው ልብ አላሉትም።»

«ታዲያ ዳር ስትደርስ ምነው ዝም አልክ? እንደዚያ ሲስቁብኝ ቆመህ ታይ አልነበር?»

ፈንቴ በአገጩ ሦስቱን መቃብሮች አሳያት። «ብናገር እዚህ ነዋ የምቀበረው።»

የሺመቤት የያዘችውን እሾኽ ጣለች።

«ጠዋት ሐውልቱ ዘንድ ሄጄ ነበር» አለችው። «ከስሞቹ በታች ድንጋዩ ገና ባዶ ነው። አሳምረው ይጽፉሃል ፈንቴ። በሬም ይጥሉልሃል። ሚስትህም በየዓመቱ እየመጣች የሹሙን ጉልበት ትስማለች።»

ፈንቴ ቁልቁል ወደ ሐይቁ ወረደ። 

በማግስቱ አንድ ታንኳ ሐይቁ ዳር ካለው ዋርካ ላይ ተደግፎ፣ ሽቅብ ቆሞ ታየ። ከሥሩ ውሃ ይንጠባጠባል፤ ፈንቴም አጠገቡ ቆሟል። የሹሙ አሽከር እየጮኸ መጣ።

«ምን ሆነህ ነው? እህሉ ይጫን እንጂ!»

«አልደረቀም» አለ ፈንቴ።

«ማን ነው አልደረቀም ያለው?»

«ደምለው።»

የሺመቤት እንስራዋን ይዛ ከዳሩ ቆማ ነበር። ባሏ ከሞተ ወዲህ ስሙን ከሌላ ሰው አፍ ስትሰማ ያን ጊዜ የመጀመሪያዋ ነው። እንስራውን አስቀምጣ አለቀሰች።

እንግዲህ ይህን ያነበባችሁ ሁሉ አስቡት። ለሙታን ሐውልት ማቆም ለማንም አይከብድም፤ እነሱ እንዴት እንደሞቱ አይናገሩም። የተረፈ ሰው ግን ይናገራል። የሚናገረውም ድግሳችንን ያበላሻል። ስለዚህ በእልልታ ተቀብለን በዝምታ እንገድለዋለን፤ እጃችን ላይም ደም አይታይም። በእናንተ ሰፈር ከመከራ ወጥቶ የሚናገረውን የሚሰማው ያጣ ማን ነው? ሳይሞት ቤቱ ሄዳችሁ ጠይቁት።

ውሃ ለወሰዳቸው ነፍስ ይማር በሉ። ከውሃ ወጥተው በሰው መካከል ለሞቱትም፣ ለጫኔ፣ ለአበጀና ለደምለው፣ ስማቸውን ጠርታችሁ ነፍስ ይማር በሉ።