ያጋደለው ሞተር

በአንድ ወቅት በቆላ አገር፣ ሐኪም ቤቱ ከገደል ማዶ በሆነበት መንደር፣ ውባንተ የሚባል ገበሬ ከሦስት ወንዶች ልጆቹ ጋር ይኖር ነበር። ለአራቱም ያላቸው አንድ ሞተር ብስክሌት ብቻ ነው። ገደሉን ደግሞ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጅብ በቀን የሚዞርበት ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ውባንተን ማሽላው ውስጥ እባብ እግሩን ነደፈው። ልጆቹ ተሸክመው ደጅ ሲያደርሱት እግሩ አብጦ፣ ዓይኑ ፈዞ ነበር። «ያዳነኝ ልጅ ሞተሩን ይውሰድ» አላቸው። ምነው አፉን በያዘው! ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ይባል የለ?

ታላቁ ማማይ ሞተሩ ቁልቁለቱ ላይ በጎን መቆሚያው እንዳጋደለ፣ የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዝዞ አየ። ዘንጉ እርጥብ ነው። ሙሉ ነው ብሎ አስነሳ።

መካከለኛው ስጦታው ግን ዘይት ወዳጋደለበት እንደሚሄድ ያውቃል። ሜዳ ላይ ቀጥ አድርገን፣ እስኪረጋ ጠብቀን እንየው፤ ከጎደለም ከወፍጮ ቤት ላምጣ ብሎ ለመነ። ማማይ «አባቴ እየሞተ ዘይት እስኪረጋ አልጠብቅም» አለው። ስጦታውም መሪውን ይዞ አላስቆመውም። ወደ ወፍጮ ቤት ሮጠ።

ታናሹ ጫኔ መንዳት አይችልም። ከኋላ ተቀምጦ አባቱን አቅፎ ያዘ። ገደሉ መሃል ሲደርሱ ሞተሩ አቃሰተ፣ ጨሰ፣ ቀጥ ብሎ ቆመ። ማማይ አሁን አቃንቶ ቢያየው ዘንጉ ደረቅ ነው። ጫኔ አባቱን አዘለና ዳገቱን ተያያዘው። ጅቦቹ ከጎን ከጎን ይከተሏቸው ነበር፤ ማማይ በድንጋይ እያራቀ ከኋላ ወጣ።

ስጦታው ዘይቱን ይዞ ሲደርስ የተጣለ ሞተር ብቻ አገኘ። እዚያው ጅቦቹ መሃል ብቻውን ቆሞ እስኪበርድ ጠበቀ፤ አቃንቶ፣ እየለካ ሞላ። ሞተሩ ተነሣ። ሳይደርስ ቢቀር ኖሮ ዛሬ የሚጣሉበት ሞተር ባልኖረ።

ውባንተ ሕይወቱ ተረፈ፣ እግሩ ግን ተቆረጠ። ሐኪሙ «ጥቂት ብትቀድሙ እግሩም ይተርፍ ነበር፤ ጥቂት ብትዘገዩ እሱም አይተርፍም ነበር» አለ። ይህችን ቃል ሦስቱም ለየራሳቸው ወሰዷት። ማማይ፣ ቆሜ ዘይት ብለካ አባቴን እቀብር ነበር ይላል። ስጦታው፣ ብትሰሙኝ እግሩም አይቆረጥም ነበር ይላል። ጫኔ፣ ሞተሩም ዘይቱም አላዳነውም፣ ጀርባዬ ነው ይላል።

በዓመቱ ማሽላው እንደገና ደረሰ፤ እባቡም ይመለሳል። ውባንተ የሞተሩን ቁልፍ ለማንም አልሰጠም። ፈርቷል። ለአንዱ ከሰጠ፣ በሚቀጥለው ጩኸት ሌሎቹ ሁለቱ አይነሡም። ለማንም ካልሰጠ ደግሞ ሦስቱም ይቀየሙታል።

አንድ ጠዋት ምርኩዙን ይዞ ደጅ እንደተቀመጠ፣ ማማይ ሞተሩን ቁልቁለቱ ላይ አጋድሎ ዘይት ሲለካ አየው። ስጦታውም አይቶታል። ያን ዕለት ግን አልለመነም፤ አልፎ ሄደ። ጫኔ ወገቡን እያሸ ፊቱን አዞረ።

ውባንተ ቁልፉን ከኪሱ አወጣ። እስቲ እናንተ ፍረዱ፦ ለየትኛው ይስጥ?