ዓይኑን ጨፍኖ የዘፈነው አባት

አንድ ሰው ነበረ፤ ሥራው ማልቀስ ነው።

አትሳቁ፣ እውነቴን ነው። በአንዲት ሞቃት የባቡር ከተማ፣ በከተማዋ የቲያትር ቡድን ውስጥ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሚያለቅስ ሰው ሲፈለግ የሚጠራው እሱ ነበር። በተውኔቱ ውስጥ ሰው ሞተ? እሱ ያለቅሳል። ንጉሥ ከዙፋኑ ወረደ? እሱ ያለቅሳል። አንድ ጊዜ ስለ አንበጣ መንጋ አጭር ድራማ ሠርተው ገበሬ ሆኖ እንዲህ አድርጎ አለቀሰ አሉ፤ አንበጣው ራሱ አፍሮ ድንበር ተሻገረ። ይህችን የመጨረሻዋን ጨምሬባት ከሆነ ይቅር በሉኝ። ሌላው ግን እንዳለ ነው።

ታዲያ ይህ ሰው ሚስት ነበረችው። ሚስቱ ስትታመም ቡድኑ በየወረዳው እየዞረ ያሳይ ነበር። «ና» ብለው ላኩበት። «ሰው ትኬት ቆርጦ እየጠበቀኝ እንዴት ጥዬ እመጣለሁ?» አለ። በመጨረሻ ሲመጣ ተቀብራለች።

ድንኳኑ ውስጥ ሲገባ ለቀስተኛው በሙሉ ተነሣለት። እንባው ዱብ ዱብ አለ። አንዲት ልጅ ነበረችው፤ እልፍነሽ ትባላለች። እናቷን እስከ መጨረሻዋ እስትንፋስ ያስታመመች እሷ ናት። ዓይኗ ደርቋል። ብድግ ብላ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ «አባዬ፣ ሲያምርብህ! ተመልካች ካገኘህማ ማን ይችልሃል!» አለችው።



ሰውዬው ምን አለ? «ሁለተኛ ደጄን እንዳትረግጪ» አለ። እሷም እሺ ብላ ወጣች። አልረገጠችም። አራት ዓመት!

አልናፈቀችውም? እንዴታ! ማግባቷን ከሰው አፍ ሰማ። መውለዷንም ከሰው አፍ ሰማ። የምትኖረው እኮ ሩቅ አይደለም፤ በአውቶቡስ ሦስት ሰዓት ነው። «ነይ» የምትባል አንዲት ቃል ናት የምትፈለገው። ያቺ ቃል ግን ከአፉ አልወጣችም። «ልጅ ናት፤ መጀመሪያ እሷ ትምጣ» ይላል። ጠዋት የበሩ ቆርቆሮ በነፋስ ሲንኳኳ ግን ከአልጋው ዘሎ ይነሣል።

እንዲህ ሆኖ ሳለ ናሁሠናይ የሚባል ወጣት አዘጋጅ ለቡድኑ ተመደበ። መነጽር ያደርጋል፣ ብዙ ተምሯል፣ ትንሽ ይተኛል። «የባሕር ማዶ ሰዎች ከሃምሳ ዓመት በፊት የሠሩት አንድ የታወቀ የሮክ ሙዚቃዊ ቲያትር አለ፤ በአማርኛ እናቀርበዋለን» አለ።

ሮክ ምንድን ነው ትሉኝ ይሆናል። ሮክ ማለት ጊታሩ ይጮኻል፣ ከበሮው ከጊታሩ በላይ ይጮኻል፣ ዘፋኙ ደግሞ ሁለቱንም ለመብለጥ ይጮኻል። የልምምዱ የመጀመሪያ ቀን ከአዳራሹ ጀርባ ታስረው የነበሩ ሦስት ግመሎች ገመዳቸውን በጥሰው ጠፉ። ሁለቱ ተገኝተዋል።

ታሪኩ ግን ቀላል ነው። አንድ ልጅ ጊታሩን ይዞ ከቤት ይወጣል፤ አባትየው «ሂድ፣ እንዳትመለስ» ይለዋል። ከዚያ ይጸጸታል። ዓመታት ባቡር ጣቢያ ቁጭ ብሎ ለእያንዳንዱ ባቡር «ተመለስ ልጄ፣ ተመለስ» እያለ ይዘፍናል። የአባትየውን ቦታ ማን ያዘ? የእኛ ሰውዬ!

አያችሁ አይደል? ለአንዲት ልጁ ያቃተውን ቃል በየሳምንቱ ለስምንት መቶ ሰው በማይክሮፎን ይናገረዋል። ስምንት መቶው ያለቅሳል። እሱ ፊቱን ታጥቦ ባዶ ቤቱ ይገባል።

አሁን የዚያን አገር ልማድ ታውቃላችሁ። ዘፋኝ ልብ ሲነካ ሕዝቡ ቁጭ አይልም። መድረክ ይወጣል፤ ብር ግንባሩ ላይ ይለጥፋል፤ ላቡን በመሐረብ ይጠርግለታል፤ ይስመዋል። ክብር ነው። የመጀመሪያው ቀን፣ ያ የጣቢያው ዘፈን ሲጀመር አርባ ሰው ተሰልፎ ወጣ። አንዱ ይለጥፋል፣ አንዱ ይስማል፣ አንዷ ፎቶ ትነሣለች። በመካከል ባቡሩ ደረሰ፣ ማንም አላየውም። ከስንት ዓመት በኋላ ወደ አባቱ የተመለሰው ልጅ ቦርሳውን እንዳነገተ ወደ መድረክ ቢወጣ መንገዱን ሰልፍ ዘግቶታል። ምን ያድርግ? እሱም ተሰለፈ! ከአንድ ሥጋ ሻጭ በስተኋላ ተራውን ጠብቆ አባቱን አቀፈ።

ናሁሠናይ መነጽሩን አውልቆ ወረወረ። «ይሄ ቲያትር ነው ወይስ ሠርግ ቤት?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ደጁ ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ፤ መድረክ መውጣት ክልክል ነው። አልሰማም ብሎ ለሚወጣ ደግሞ ተዋንያኑ መላ ተለማመዱ። ሰው ሲቀርብህ ዓይንህን ጨፍን። ዘፈኑን አታቋርጥ። በክርንህ ቀስ አድርገህ ግፋውና ቀጥል። በቃ።

የከበሮ መቺው ሙክታር አስቸጋሪ ተመልካች እየሆነ የእኛን ሰውዬ ያለማምደው ነበር። ወረቀት በውኃ እየነከረ ግንባሩ ላይ ጥፍ!

«ጋሽ መርዕድ፣ ዓይንህን ከፈትክ! ተበላህ!»

«አንተ ወስላታ፣ ፊቴን ፖስታ ቤት አደረግኸው እኮ!»

«ጨፍን ጋሼ፣ ጨፍን! እናትህ ከመቃብር ተነሥታ ብትመጣ እንዳትከፍት!»

በሳምንቱ እንዲህ ሠለጠነ፤ ዝንብ ቅንድቡ ላይ ብታርፍ ሽፋሽፍቱ አይነቃነቅም። ናሁሠናይ ለሌሎቹ፣ «ከጋሽ መርዕድ ተማሩ» አላቸው። ሰውዬውም ደስ አለው። ማን ሲመሰገን ይጠላል?

አንድ እሑድ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ አዳራሹ ጢም ብሏል። ሙቀቱ አይጣል ነው። ሰውዬው ጣቢያው ወንበር ላይ ተቀምጦ «ተመለስ ልጄ» ይላል። ላቡ ከግንባሩ ወደ ዓይኑ፣ ከዓይኑ ወደ አገጩ ይወርዳል። በዚህ መካከል የመድረኩ ጣውላ እግሩ ሥር ሲረገጥ ተሰማው።

ሰው መጣ። ዓይኑን ጨፈነ።

እጅ ግንባሩ ላይ አረፈ። ብር አልነበረም። ለስላሳ ጨርቅ ነው፤ የሕፃን ሳሙና ይሸታል። ቀስ ብሎ ግንባሩን ጠረገው። ጉንጩን ጠረገው። ከዚያ ከጆሮው በስተኋላ ዞሮ እዚያም ጠረገው።

ከጆሮህ በስተኋላ ላብ እንደሚጠራቀም ማን ያውቃል? የቤትህ ሰው እንጂ!

ክፈት፣ ክፈት የሚል ነገር ከውስጡ መጣበት። ግን ዘፈኑ ጫፍ ላይ ደርሷል፤ ስምንት መቶ ሰው ያያል፤ ናሁሠናይ ከመጋረጃው ጀርባ ቆሟል። በክርኑ ገፋት። በልምምዱ ልክ፣ ሳያዛንፍ ገፋት። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

እጁ ሄደ። እሱም ዘፈኑን ጨረሰ።

ትርኢቱ አልቆ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ሙክታር ገባ። ሌላ ጊዜ ሲገባ አንድ ተንኮል ሳይሠራ አይቀመጥም። ያን ቀን በሩን ተደግፎ ቆመ።

«ጋሼ፣ ያቺ ልጅ ማን ናት?»

«የቷ?»

«የገፋሃት። አጠገብህ ጎንበስ ብላ የሆነ ነገር አለችህ እኮ።»

«በእናንተ ጩኸት ምን ይሰማል! ምን አለች?»

«እኔ ምኑን ሰማሁት። አፏን ነው ያየሁት። አባዬ ያለች ነው የመሰለኝ።»

ሰውዬው ግማሽ ፊቱን ቀለም እንደተቀባ፣ ግማሹን እንደጠረገ፣ ብድግ አለ። ወደ ደጅ ሮጠ። ዘበኛውን ቃሲምን በርጩማው ላይ ተቀምጦ አገኘው።

«ቃሲም፣ አንዲት ልጅ...»

«ልጅህን ነው? ሄደች እኮ!» አለ ቃሲም። «ባሏ ሥራው ወደ ምዕራብ ተዛውሮ ዕቃቸውን ጭነው እየሄዱ ነው። አይሱዙው እዚህ ቆሞ ነበር። ማንም መድረክ አይወጣም አልኳት። ሕፃኑን ከጀርባዋ አውርዳ እኔ ላይ ጣለችውና፣ አባቴ ነው፣ ላቡን ብቻ ልጥረግለት አለችኝ። እኔም ሰው ነኝ፤ አሳለፍኳት። ልጁ ደግሞ ምን የመሰለ ወንድ ልጅ ነው! ጢሜን ይዞ አልለቅም አለኝ።»

«ስትወጣስ ምን አለች?»

ቃሲም አንገቱን ደፋ።

«አገኘሽው ወይ አልኳት። ሥራ ላይ ነው አለችኝ። ልጇን አዘለችና ሄደች።»

መንገዱ ላይ ባጃጅና አቧራ እንጂ ሌላ አልነበረም።

ወገኖቼ፣ ልጅ ናት፣ መጀመሪያ እሷ ትምጣ አላለም? አልመጣችም? መጣች እኮ! እሱ ባለው መሠረት፣ መጀመሪያ እሷ መጣች። ልጇን ይዛ መጣች። ጨርቅ ይዛ መጣች። በዚያ ድንኳን የተናገረችውን ቃል በእጇ ልትጠርግ መጣች። እሱስ የት ነበረ? እዚያው ነበረ! ተመለስ፣ ተመለስ እያለ ነበረ!

አፈላለጋት። ቀድሞ ትኖርበት የነበረው ቤት ሄደ፤ ሌላ ተከራይ ገብቶበታል። የሰጡትን ስልክ ደወለ፤ አይሠራም። ወደ ምዕራብ የሚሄድ ሾፌር ባየ ቁጥር፣ «እልፍነሽ መርዕድ የምትባል ካገኘህ አባትሽ ነይ ብሎሻል በላት» ይለዋል። አያችሁ፣ ያቺ ቃል ወጣች። አሁን የሚሰማት ጠፋ።

ናሁሠናይን ለመነው። «እባክህ ያን ክልከላ አንሣው። ሰው ይውጣ» አለው። ናሁሠናይም ክፉ ሰው አልነበረም፤ ማስታወቂያውን በገዛ እጁ ቀደደው። ከዚያ በኋላ ሰውዬው ዓይኑን ከፍቶ መዝፈን ጀመረ። ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው፣ ላቡ እያቃጠለው፣ ሳይጨፍን። ግን ሕዝቡ ለምዷል። በቲያትር መካከል መድረክ መውጣት ነውር ነው ተብሎ ተምሯል። ማንም አይነሣም።

የመጨረሻው ትርኢት ቀን ዘፈኑን መካከል ላይ አቋረጠው። ጊታሩ ቆመ፤ ሙክታር ዱላውን አወረደ። ሰውዬው ወደ መድረኩ ጫፍ መጥቶ፣ «እባካችሁ ወደዚህ ውጡ» አለ። «ማንም ይሁን። አንድ ሰው ይውጣ።»

ሕዝቡ የቲያትሩ ክፍል መሰለው። ከልቡ አለቀሰ። ከልቡ አጨበጨበ። ቁጭ ብሎ!

እንግዲህ የሰውዬው ነገር ይኸው ነው። መጨረሻውን ላሳምርላችሁ ብዬ አፌ ድረስ መጥቶ ነበር፤ ልጅቱን በሆነ አውቶቡስ ጭኜ ላመጣላችሁ እችል ነበር። ግን አልመጣችም። እስካሁን አልመጣችም።

አሁን ወደ እናንተ ልዙር? ልዙር እንጂ! ወደማን እዞራለሁ!

እኛም እኮ ዘማሪዎች ነን። እሑድ እዚህ ጸሎት ቤት ገብተን እጃችንን እናነሣለን፤ ዓይናችንን እንጨፍናለን። ጥሩ ነው። እንባ ይመጣል። እሱም ጥሩ ነው። ይቅር በለን፣ ማረን፣ መልሰን እንላለን። ድምፃችን ጣሪያውን ያነሣዋል። ግን ስንዘምር የማንን እጅ ገፋን?

ባለፈው ሳምንት ከጉባኤው በኋላ ያ ወንድምህ ደጅ ላይ ቆሞ አልጠበቀህም? «የመዘምራን ልምምድ አለብኝ» አልኸው። አንቺስ? እህትሽ ስትደውል፣ «ጸሎት ላይ ነኝ» ብለሽ ዘጋሽው። ጸሎት ላይ ነበርሽ፤ አልዋሸሽም። ሰውዬውም አልዋሸም፤ ሥራ ላይ ነበረ። ስለ ፍቅር እየሠራ ነበረ! ስለ ዕርቅ እየጮኸ ነበረ! ታዲያ ምን ጠቀመው?

ሰዎች «እንዴት ያለ ዘማሪ ነው፣ እንዴት ያለች ጸሎተኛ ናት» ብለው ሲያጨበጭቡልን ደስ ይለናል። እግዚአብሔር ግን ከጭብጨባው ጋር አይደለም። እግዚአብሔር እየተገፋች ከምትወርደው ጋር ደረጃውን ይወርዳል።

ከእናንተ አንዳንዱ አሁን በልቡ አንድ ስም እየጠራ ነው። አውቃለሁ፤ ፊታችሁ ይናገራል። ስሙን የጠራኸው ሰው ደግሞ ሩቅ ላይሆን ይችላል። እዚሁ አዳራሽ ውስጥ፣ ከአንተ ሁለት ረድፍ ወዲያ ተቀምጦ ይሆናል። አልጠቁምም። ብጠቁም ጣቴ መጨረሻ ላይ ወደ ራሴ ይመለሳል፤ እኔም የምሄድበት ቤት አለኝ።

ስለዚህ ዛሬ የማሳረጊያ ጸሎት አላደርግም። ተነሡ። ስልክ ያለው ደጅ ወጥቶ ይደውል። እግር ያለው ይሂድ። ስትመለሱ እዚህ ማንንም ባታገኙ አትደንግጡ፤ ሁላችንም በየሰዋችን ደጅ ቆመን እያንኳኳን ነው። አሜኑን እዚያ እንላለን።